«አክስቴ ምንም ሳታጠፋ ታመመች፤ እኔ ምን ልጠንቀቅ?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሆኜ እሠራለሁ። የስድስት ዓመት ልጅና የአምስት ወር ሕፃን አሉኝ። የአባቴ እህት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ከደሴ መጥታ እኛ ቤት ሆና እየታከመች ነው። 49 ዓመቷ ነው። እብጠቱን ካየችው ዓመት ሊሞላው ነው። ስለማያማት ግን ለማንም አልተናገረችም። አክስቴ አትጠጣም፣ አታጨስም፣ ጾም አትገድፍም። ልጅ አልወለደችም። ሊጠይቋት የሚመጡ ዘመዶች «ስላልወለደች ነው» እያሉ ሲያንሾካሽኩ እሰማለሁ፤ እሷም ትሰማለች።

እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቲክቶክ ላይ ያየሁትን ሁሉ እየሞከርኩ ነው። ስኳር ተውኩ። ዲኦዶራንቴንና ሽቦ ያለውን ጡት መያዣዬን ጣልኩ። ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር እወስዳለሁ፤ ለአክስቴም እሰጣታለሁ። ከወለድኩ ወዲህ 12 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሥራ ስለጀመርኩ ሕፃኑን ጡት ላስጥለው እያሰብኩ ነው። የሦስት ወር መርፌ ልወጋ ስል «ካንሰር ያመጣል» አሉኝ። ከመውለዴ በፊት ዓርብ ዓርብ ከባልደረቦቼ ጋር ሁለት ሦስት ቢራ እጠጣ ነበር፤ አሁን እንደገና እየጠሩኝ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ «ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ተነሺ» እያለች ታስጨንቀኛለች። ምን ልብላ? ምን ልተው? የተባልኩትን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ነኝ።

የጨነቃት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣

ጥያቄዎችሽ ብዙ ናቸው፤ አንድ በአንድ እንደርስባቸዋለን። መጀመሪያ ግን ስለ አክስትሽ ላውራ። የእሷ ነገር ካልጠራ የአንቺም አይጠራም።

«ስላልወለደች ነው» የሚለው ሹክሹክታ ዛሬውኑ መቆም አለበት። ያለችው አንቺ ቤት ነው። የሚመጣውን ሰው በር ላይ ተቀብለሽ «እባካችሁ ይህን እሷ ፊት አታንሱባት» ማለት ትችያለሽ። የሚቀየም ካለ ይቀየም። የታመመች ሴት በገዛ ሕመሟ ስትከሰስ ዝም ማለት አይገባም።

እውነቱን ልንገርሽ። ያልወለዱ ሴቶች ከወለዱትና ካጠቡት ጋር ሲነጻጸሩ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በመጠኑ ከፍ ይላል። ይህ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የታየ ነው። ግን የብዙ ሺህ ሴቶች ቁጥር አንዲት ሴት ለምን እንደታመመች ሊነግርሽ አይችልም። ስምንት ወልደው ሁሉንም አጥብተው የሚታመሙ አሉ። ሳይወልዱ ሰማንያ ዓመት በጤና የሚኖሩም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በጡት ካንሰር ከሚያዙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ከዕድሜያቸው በቀር ሌላ የተለየ አጋላጭ ነገር የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ቀዳሚው ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ሰው «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች «ይህ ዕድሉን ይቀንሳል» ስልሽ በዚሁ ልክ ያዥው። ያደረገችው አትታመምም፣ ያላደረገችው ትታመማለች ማለት አይደለም። በእጅሽ ያለውን ታስተካክያለሽ፤ በእጅሽ ያልሆነውን ደግሞ ቶሎ ለማወቅ ትዘጋጃለሽ። ከዚያ በላይ የሚሸጥልሽ ካለ አትግዢው።

አክስትሽ የአባትሽ እህት ናት። ብዙ ሰው የጡት ካንሰር በእናት ወገን ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። በዘር የሚተላለፈው ዓይነት በአባትም በእናትም በኩል ይመጣል። ነገር ግን ከጠቅላላው የጡት ካንሰር በቀጥታ ከወላጅ በሚወረስ የዘረ መል ለውጥ የሚመጣው ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ያህሉ ብቻ ነው። አንዲት አክስት መታመሟ የአንቺን ዕድል ከፍ የሚያደርገው በመጠኑ ነው። እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም።

ዝም ብለሽም ግን አትለፊው። አባትሽን አስቀምጠሽ ጠይቂው። በእሱ ወገን ሌላ የታመመ አለ? ከ50 ዓመት በፊት የታመመች፣ ሁለቱም ጡቷ የታመመ፣ ጡቱን የታመመ ወንድ? አዎ፣ ወንድም ይታመማል፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው እንጂ። በተለይ ደግሞ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር። እኛ አገር የሰው በሽታ በስሙ አይጠራም። «ሆዷን አሟት ነበር»፣ «ውኃ ቋጥራ ነበር»፣ «ድንገት ነው የሞተችው» ይባላል። ሆዷ እያበጠ በጥቂት ወራት ያረፈች አያት ወይም አክስት ካለች፣ ያ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ለሐኪም መነገር ያለበት ነገር ነው። አባትሽ ካላስታወሰ አክስትሽ ታስታውስ ይሆናል። ቤተሰቡ ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እሷን የመሰለች ሰው ናት።

አሁን ወደ ዓርቡ ቢራ እንምጣ። ይህን በደንብ አንብቢልኝ፤ በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ብታደርጊውም እኔ ከምግቡ ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

አልኮል የጡት ካንሰርን ዕድል ይጨምራል። ይህ የሚያከራክር ነገር አይደለም። ሰውነት አልኮሉን ሲፈጨው አሴታልዴሃይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ እሱ የሕዋሳትን ዘረ መል ይጎዳል። በዚያ ላይ አልኮል ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ብዙው የጡት ካንሰር የሚያድገው ደግሞ በዚህ ሆርሞን ነው። ጠላ ይሁን ጠጅ፣ ቢራ ይሁን ወይን፣ አረቄ ይሁን ውስኪ ለውጥ የለውም። «ቀይ ወይን ለጤና ጥሩ ነው» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ለጡት አይደለም።

ምን ያህል ይጨምራል? እ.ኤ.አ. በ2002 የ53 ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ ያየ ትልቅ ትንተና ወጥቶ ነበር። ባደጉት አገሮች አልኮል ከማይቀምሱ 1,000 ሴቶች እስከ 80 ዓመት ዕድሜያቸው 88ቱ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። በየቀኑ አንድ መጠን፣ ማለትም 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የሚጠጡት 94 ይሆናሉ። ሁለት ሲሆን 101። በቀን ስድስት ሲደርስ 133። መስመሩ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ከዚህ በታች ምንም አያደርግም የሚባል ወለል ግን የለውም።

ወደ አንቺ ጠረጴዛ እናምጣው። አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። ዓርብ ዓርብ ሦስት ብትጠጪ በሳምንት 39 ግራም ነው። ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ከ6 ግራም ያንሳል። ስለዚህ የበፊቶቹ ዓርቦች የሚያስለቅሱሽ አይደሉም። የጠጣሽውን እያሰብሽ አትቃጠይ። ችግሩ ግን ዓርብ ብቻውን አይቀርም። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፣ የበዓል ጠላ አለ። ጠላ ቤት ስለተጠመቀና ስለቀጠነ አልኮል የሌለው ይመስለናል። በትልቅ ጣሳ ሁለቴ ሦስቴ ሲቀዳ ከቢራው ላያንስ ይችላል። አስተናጋጇ ደግሞ «ጨምሪ እንጂ!» ሳትል አታልፍም።

የእኔ ምክር፣ ትተሽው የለ? እንደተውሽው ቅሪ። ስለ ወለድሽ ተውሽ፣ አሁን ስለ ራስሽ ተይው። ከጓደኞችሽ መነጠል አያስፈልግሽም፤ ሂጂ፣ ተጫወቺ፣ አምቦ ውኃሽን ያዢ። «ሕፃን አጠባለሁ» ካልሽ ማንም አያስጨንቅሽም። ፈጽሞ አልተውም ካልሽም ቁርጡ ይኸው ነው፦ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ሲጋራና ሺሻ አላነሳሽም። ከሌለሽበት ጥሩ። ሌላ ሰው የሚያጨስበት ክፍል ውስጥም አትቀመጪ።

12 ኪሎው። የአራስ ቤት ገንፎ፣ አጥሚትና ቅቤ ያመጣው መሆኑን አላጣሁትም። እናትሽም አክስቶችሽም ወዳቸው ነው ያበሉሽ። ከአራስ ቤት ወጥተሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነሽ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአንቺ ዕድሜ ውፍረት በራሱ የጡት ካንሰርን ዕድል ሲጨምር አይታይም። የሚጨምረው ካረጥሽ በኋላ ነው። ሴት ስታርጥ እንቁላል ማምረቻዋ ኢስትሮጅን መሥራት ያቆማል። ያኔ ሥራውን የሚረከበው የሰውነት ስብ ነው። ስቡ በበዛ ቁጥር ሆርሞኑም ይበዛል። ታዲያ ለምን አሁን እንጨነቃለን? በየወሊዱ የተጨመረ ኪሎ በሃምሳ ዓመት ተነሥቶ አይሄድማ! አብሮ ነው የሚከርመው። ሰው «አምሮብሻል፣ ተመችቶሻል» ሲልሽ ደስ ይልሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ከዚህ በላይ አትጨምሪ፤ ያለውንም ቀስ ብለሽ አውርጂው።

እያጠባሽ ስለሆነ ራስሽን አታስርቢ። ጾምና ዳይት ደርበሽ አትያዢ። ስኳር ስለተውሽ አመሰግንሻለሁ፣ ግን ምክንያቱን አስተካክዪው። ሻይሽ ላይ የምትጨምሪው ስኳር በቀጥታ ካንሰር አያመጣም። ጉዳቱ በውፍረቱ በኩል ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ምሳ ላይ በየቀኑ የሚታዘዘውን ለስላሳ መተው የሻይሽን አንድ ማንኪያ ከመተው በብዙ ይበልጣል።

ሌላውን ምግብ ብዙ አታወሳስቢው። የእኛ ቤት ምግብ ጥሩ መሠረት አለው። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር፤ እነዚህ አሰር (ፋይበር) የበዛባቸው ምግቦች ናቸው። አሰር የበዛበት ምግብ የሚበሉ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር በመጠኑ አነስ ብሎ ታይቷል። የጾም ወጥ በራሱ ሸክም አይደለም፤ የሚያበላሸው ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይትና በመሐል የሚበላው ቦንቦሊኖና ብስኩት ነው። ከበሽታ የሚጠብቅ አንድ ተአምረኛ ምግብ ግን የለም። ጥቁር አዝሙድም፣ ሽፈራውም፣ ዝንጅብልም የጡት ካንሰርን እንደሚከላከሉ በሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም። ለቅመም ከሆነ ብዪው። ለካንሰር ብለሽ ከሆነ በዋጋው አትክልት ግዢበት።

ከምግብ ይልቅ እግርሽ ላይ ብታተኩሪ ደስ ይለኛል። የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ከሚቀመጡት ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው። ይህ ወፍራምም ሆነ ቀጭን ለሆነች ሴት ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ከታች ብንጀምር በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። መጠነኛ ማለት እየሄድሽ ማውራት ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል። ጂም መመዝገብ አያስፈልግም። ሁለት ልጅ ይዘሽ፣ ባንክ ውለሽ፣ ታማሚ እያስታመምሽ «ማታ ማታ ስፖርት ሥሪ» ብልሽ መዋሸት ነው። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና ጠንከር አድርገሽ ተራመጂ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች መንገድሽ ላይ ካሉ ተጠቀሚባቸው። ምሳ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ወጥተሽ ዙሪ። ቅዳሜ ሕፃኑን አዝለሽ፣ ትልቁን ልጅ እጁን ይዘሽ ሂጂ። ተደምሮ ይሞላል።

ጡት ስለማስጣሉ እለምንሻለሁ፣ ከቻልሽ ቆይ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው ነበር። አንዲት ሴት ልጆቿን ያጠባችበት ጊዜ ተደምሮ 12 ወር በሞላ ቁጥር የጡት ካንሰር ዕድሏ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። ይህ በእያንዳንዱ ወሊድ ከሚገኘው 7 በመቶ ላይ የሚታከል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል። ግን ትልቁን ልጅሽን ያጠባሽበትም ይደመራል። ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጥቅም ነው፤ ለሕፃኑ የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ነው የሚመከረው። እናቶቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ሥራውን አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። አንቺም ያንን ጨርሰሽ ነው መስኮት ላይ የተመለስሽው። ጠዋት ሳትወጪ አጥቢው፣ እንደገባሽ አጥቢው፣ ሌሊትም ይጥባ። በመሐል በእጅሽ ወይም በፓምፕ እያለብሽ አስቀምጪ። የታለበ ወተት መጠነኛ ሙቀት ባለው ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሥራ ቦታሽ በሩ የሚዘጋ ክፍል ካለ ኃላፊሽን በግልጽ ጠይቂ፤ ሴት ባልደረቦችሽን ይዘሽ ብትጠይቂ ደግሞ ይበልጥ ይሰማሻል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ደግሞ አልሆነም። በግማሽ መጥባትም መጥባት ነው። ወተቷ እምቢ ያላትን ሴት «ካንሰር ይይዝሻል» ብሎ ማስፈራራት አክስትሽ ላይ ከተፈጸመው በደል አይለይም።

የሦስት ወር መርፌውን በተመለከተ፣ የነገሩሽ ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም፤ አጋነኑት እንጂ። ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ በሚወሰድበት ጊዜ የጡት ካንሰርን ዕድል በትንሹ ከፍ ያደርጋል፤ ከተቋረጠ በኋላ ጭማሪው እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዴንማርክ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከሚጠቀሙት 7,690 ሴቶች ውስጥ በዓመት አንድ ተጨማሪ ሴት ትታመማለች ማለት ነው። በአንቺ ዕድሜ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ያልታሰበ እርግዝና የሚያመጣው አደጋም አለ፤ ሚዛን ላይ እሱንም አስቀምጪው። ጭንቀቱ ካልለቀቀሽ ግን ሆርሞን የሌለበት አለልሽ፦ የመዳቡ ሉፕ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ሆርሞን የሌለበትን እፈልጋለሁ» በያቸው፤ የአክስትሽንም ነገር ንገሪያቸው።

ዲኦዶራንትሽን መልሰሽ ግዢ። ሽቦ ያለው ጡት መያዣም የጡት ካንሰር አያመጣም። ስልክ ጡት መያዣ ውስጥ መክተት፣ ጡት ተመትቶ መበለዝ፣ እነዚህም እንደዚያው። ጭንቀትሽን ለሚገባው ነገር ቆጥቢው።

የሚገባው ነገር ይኸውልሽ። አክስትሽን የጎዳት መጠጥ አይደለም፣ አለመውለድም አይደለም። «አያመኝም» ብላ መቆየቷ ነው። እንደ እሷ የሚያስቡ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እኔም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። ሕመም የለውም ተብሎ የተተወ እብጠት ነው በኋላ አዳር የሚነሳው። በአገራችን ብዙዎቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ከሚታመሙትም ብዙዎቹ አርባዎቹ ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ያሉ ናቸው። «እኔ ገና ወጣት ነኝ» እዚህ አገር አይሠራም።

ስለዚህ ጡትሽን እወቂው። የወር አበባሽ ሲመለስ፣ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ በወር አንዴ ይበቃል። መስታወት ፊት ቁመሽ እጅሽን አንሥተሽ ተመልከቺ። ከዚያ ጋደም በዪና በሦስት ጣቶችሽ የውስጥ ገጽ ጡትሽን ዙሪያውን ዳብሺ፤ ብብትሽንና እስከ አንገት አጥንትሽ ድረስ አትርሺ። የምትፈልጊው አዲስ ነገር ነው። ጠጠር ያለ እብጠት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሸብሸብ ወይም መሰርጎድ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ ብብት ሥር እብጠት። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ወደ ሐኪም ነው፤ ወደ ቲክቶክ አይደለም። አብዛኞቹ እብጠቶች ካንሰር ሆነው አይገኙም። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው።

አንቺ ደግሞ አጥቢ ነሽ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የሚያጠባ ጡት በራሱ ጓል ጓል ይላል፣ ወተት ይቋጥራል፣ ይቀላል። «ምች ነው»፣ «ወተት ቋጥሮ ነው» ተብሎ ቅጠል ይታሽለታል፣ ይታሻል። ብዙውን ጊዜም እውነት ነው፤ ሕፃኑ ሲጠባው ይሟሽሻል። ነገር ግን ተጠብቶ፣ ታልቦ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ተወስዶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ወተት ነው ብለሽ አትቆዪ። አልትራሳውንድ አሠሪ። ማጥባት አያስከለክልሽም። «አጥቢ ነሽ፣ ምንም አይደለም» ብለው ሳያዩ ከመለሱሽ ሌላ ቦታ ሂጂ።

እህትሽ ስለ ማሞግራፊ የምትለው በምትኖርበት አገር ትክክል ነው፤ ግን ለአንቺ ገና ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚመከረው ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ እንዲነሡ ነው። እህትሽ አርባ ከሞላት ራሷ ትነሣ፤ እሷም ያው የአባትሽ ልጅ ናት። በ34 ዓመት፣ ያውም በማጥባት ላይ፣ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራፊ በደንብ አያሳይም። እብጠት ካለ ለአንቺ የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው። እብጠት ከሌለ በዓመት አንዴ ሠልጣኝ ባለሙያ በእጁ ይመርምርሽ። ይህን አትናቂው። ሕንድ ሙምባይ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። የሠለጠኑ ሴት ጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው የመረመሯቸው ሴቶች በሽታቸው ቀደም ብሎ ተገኘ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ በጡት ካንሰር መሞት በ30 በመቶ ያህል ቀነሰ። ማሽኑ የለም ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ።

አሁን ወደ አክስትሽ ልመለስ፤ በእጅሽ ያለች እሷ ናትና። ለእሷ የምትሰጪውን ጥቁር አዝሙድ ለጊዜው አቁሚ። ኬሞ የምትወስድ ከሆነ አንዳንድ ቅጠልና ቅመም ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ዘመድ የሚያመጣውን ሁሉ ስሙን ይዘሽ ለሐኪሟ ንገሪ፤ እሱ ይወስን። ጸበል መጠመቅ ከፈለገች ትጠመቅ፤ የሕክምና ቀኗ ግን አይለፍ። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የምትጠጣው ውኃ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጪ። አቅሟ በፈቀደ መጠን ትንቀሳቀስ፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ አብረሻት ወዲያ ወዲህ ብትዪ ለእሷ ድካሟን ያቀልላታል፣ ለአንቺም ደቂቃው ይቆጠርልሻል። ቤታችሁ ከጠበባችሁ ወይም ወጪው ከከበደ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው፤ ጠይቂ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብረሻት ግቢ። ከአባትሽና ከእሷ የሰማሽውን የቤተሰብ ታሪክ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። የዘረ መል ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። ምርመራው በአገራችን በቀላሉ አይገኝም። ይደረግ ከተባለ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው የታመመው ሰው ነው፤ ማለትም እሷ። በእሷ ካልተገኘ አንቺም እህትሽም በዚህ በኩል በአብዛኛው ታርፋላችሁ። ከተገኘ ደግሞ የማሞግራፊውም የኤምአርአዩም ጊዜ ለሁለታችሁ በሌላ ስሌት ይወጣል፤ ያንን ሐኪሙ ይነግርሻል።